የተመዘገበ አሮጌ ቤት ከመንካታችሁ በፊት

አሮጌ ቤት የሚወድ ሰው ብዙ ነው። በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ገዝቶ፣ ግድግዳ ለመንካት ፈቃድ ሲጠይቅ የከረመ ግን ጥቂት ነው። እኔና እህቴ ከነዚህ ጥቂቶች ነን። ቤታችን በድንጋይና በኖራ የተሠራ፣ ውስጡ የእንጨት ደረጃ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ነው። አሁን እድሳቱ አልቆ እየኖርንበት ነው። መሀል ላይ ግን ሥራው በደብዳቤ ቆሞብን፣ «ሸጠን እንገላገል» እስከማለት ደርሰን ነበር። ያኔ የሚነግረን ሰው አጥተን የተጉላላንባቸውን ነገሮች ነው የምጽፍላችሁ።

ስንገዛ ሻጩም፣ ደላላውም፣ ጎረቤቱም የነገሩን አንድ ነገር ነበር። «ፊት ለፊቱን ብቻ አትንኩ፣ ውስጡ የራሳችሁ ነው።» ይህን አባባል እናንተም ትሰሙታላችሁ። አንዳንድ ቦታ እውነት ነው፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ፍጹም ስህተት ነው። የሚወስነው ቤቱ የተመዘገበበት ሰነድ ነው። ሰነዱ ፊቱን ብቻ ሊጠብቅ ይችላል። ሙሉ ሕንፃውን፣ ግቢውን፣ አጥሩን፣ አልፎ ተርፎም ዛፉን ሊጠብቅም ይችላል። የእኛ የውስጡን ደረጃና የግቢውን የድንጋይ አጥር በስም ጠቅሶ ጽፏል። ስለዚህ ወሬውን ተዉትና የሰነዱን ቅጂ ጠይቁ። መስመር በመስመር አንብቡት።

አብሮ መታየት ያለበት፣ ቤቱ በማን መዝገብ ላይ እንዳለ ነው። በአገር አቀፍ ዝርዝር ውስጥ መግባትና በአካባቢ አስተዳደር መመዝገብ ለየቅል ናቸው። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ ብሔራዊው መዝገብ ላይ መስፈር ብቻውን፣ በራሱ ገንዘብ ቤቱን የሚያድስን የግል ባለቤት በአብዛኛው አይከለክልም። እጅ የሚይዘው የከተማው ደንብ ነው። ኒው ዮርክ እንዲህ ያለውን ሕግ ያወጣችው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው፤ በከተማዋ የነበረው ትልቁ የፔንሲልቬንያ ባቡር ጣቢያ መፍረስ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሳይሞላ። «አገር አቀፍ ቅርስ አይደለም» የሚል መልስ ሰምቶ ደስ ያለው ሰው፣ ከታች ያለው ጽሕፈት ቤት ሥራውን ሊያስቆምበት ይችላል።

ቀጥሎ የፈቃዶቹ ብዛት አለ። የግንባታ ፈቃድ አንድ ነገር ነው፣ የቅርስ ፈቃድ ሌላ። አንዱ ሌላውን አይተካም። ፕላን የሠራልን አርክቴክት ጠንቃቃ ባለሙያ ነው፤ ልምዱ ግን ሁሉ አዲስ ሕንፃ ላይ ነበር። እንደለመደው መጀመሪያ ወደ ግንባታ ፈቃድ ወሰደው። እዚያ ስታቲኩ (የሕንፃው የጥንካሬ ስሌት) ታይቶ፣ ፕላኑ ተመርምሮ አለፈ። ቅርስ ጥበቃ ቢሮ ሲደርስ ግን ሁለቱን ክፍሎች ለማገናኘት የታሰበው ሰፊ በር ውድቅ ሆነ። በሩ ሲቀር ምሰሶው ቀረ፣ ምሰሶው ሲቀር ስሌቱ ሁሉ እንደገና ተሠራ። የተከፈለው ክፍያ በከንቱ ቀረ። የአካባቢያችሁ ደንብ ሌላ ቅደም ተከተል ካላስቀመጠ በቀር ከቅርሱ ጀምሩ። እንዲያውም ሙሉ ፕላን ከማሠራታችሁ በፊት፣ በእጅ የተሳለ ንድፍ ይዛችሁ ባለሙያ አነጋግሩ። ብዙ ቢሮዎች ለዚህ የምክክር ቀጠሮ ይሰጣሉ፤ ሰው ስለማይጠይቅ ብቻ ነው የማይታወቀው።

አሁን ከሁሉ የከበደን ላይ ደርሰናል።

የቅርስ ጥበቃ ቢሮው ባለሙያ ቤቱን ለማየት መጡ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። ከቦርሳቸው አንድ የቆየ ፎቶ አውጥተው የጓሮውን ግድግዳ ከፎቶው ጋር ማስተያየት ጀመሩ። ፎቶው ላይ ሦስት ጠባብ መስኮቶች አሉ። ግድግዳው ላይ ያለው አንድ ሰፊ የብረት መስኮት ነው። የታችኛው ግድግዳም በሲሚንቶ ተለስኗል። «ይሄ መቼ ተሠራ?» አሉን። እኛ እንደዚሁ ሆኖ እንደገዛነው ነገርናቸው። አመኑን። ያም ሆኖ ሥራው እንዲቆም የሚያዝዝ ደብዳቤ ደረሰን፤ አድራሻው ላይ የተጻፈው የእኛ ስም ነበር።

ይህን ብዙ ገዢ አያውቅም። ያለ ፈቃድ የተሠራ ሥራ በብዙ አገር ከሰውየው ጋር አይሄድም፣ ከቤቱ ጋር ይቀራል። እንግሊዝ ውስጥ በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት፣ የተመዘገበን ቤት ያለ ፈቃድ መለወጥ ወንጀል ነው። ወንጀሉን ያልሠራ ገዢ አይከሰስበትም። «ወደነበረበት መልሱ» የሚለው ትዕዛዝ ግን የጊዜ ገደብ የለውም፤ የሚደርሰውም አሁን ባለቤት ለሆነው ሰው ነው። የቀድሞው ባለቤት የሠራው ጥፋት፣ ከቁልፉ ጋር አብሮ ተሰጥቷችኋል ማለት ነው።

ገና ያልገዛችሁ ካላችሁ እድለኞች ናችሁ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የቤቱን ፋይል ቢሮው ውስጥ አስፈልጉ። ከዚህ በፊት ምን ተፈቅዶ ምን እንደተከለከለ እዚያ ውስጥ አለ። የቆየ ፎቶ ካለ ይዛችሁ ቤቱን ዙሩት። መስኮት ቁጠሩ፣ በር ቁጠሩ፣ የጣሪያውን ቅርጽ እዩ። ልዩነት ካለ ፈቃዱን ሻጩ ያሳያችሁ። ማሳየት ካልቻለ፣ ያለ ፈቃድ ለተሠራው ሥራ ኃላፊው እርሱ እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። ዋጋ ላይ መደራደሪያም ይሆናችኋል። ከፊርማ በኋላ ግን የሚሰማችሁ የለም።

ከደብዳቤው በኋላ እኔና እህቴ ተናደን ቢሮ ሄድን። ፕላኑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን፣ ወጥ ቤቱ ለምን መስፋት እንዳለበት፣ መታጠቢያ ቤቱ ለምን ወደ ላይ መውጣት እንዳለበት አስረዳን። ባለሙያዋ እስክንጨርስ ጠበቁን። ከዚያ፣ «ምን መሥራት እንደምትፈልጉ ነገራችሁኝ። ቤቱ ምን እንደሆነ ግን አልነገራችሁኝም» አሉን።

መጀመሪያ ፍልስፍና መስሎኝ ነበር። እቤት ሄደን ስናስበው ግን ፋይላችን ውስጥ ያለው ሁሉ ስለ እኛ ፍላጎት ነበር። የቱ ግድግዳ የመጀመሪያው ነው? የቱ ኋላ ተጨመረ? ደረጃው ከቤቱ ጋር እኩል የተሠራ ነው ወይስ ኋላ የመጣ? አንዱም አልተጻፈም። ፈቃድ ሰጪው ግን የሚመዝነው ይህንኑ ነው፤ ምን ይጠፋል፣ የሚጠፋው ነገር ምን ያህል ዋጋ አለው የሚለውን።

ያንን ማጥናት የእህቴ ሥራ ሆነ። እንዲህ ዓይነት ነገር ይሆንላታል። ቤቱ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦችን አፈላልጋ የሠርግና የልደት ፎቶ ለመነች። ሰው ፎቶ ሲነሳ ከኋላው መስኮት አለ፣ በረንዳ አለ፣ የወለል እንጨት አለ። ማዘጋጃ ቤት የቆየ የቦታ ፕላን አገኘች። እኔ ደግሞ ከአርክቴክቱ ጋር ቤቱን ክፍል በክፍል ለካሁ። የግድግዳው ውፍረት ሲለካ ብዙ ያወራል። የጓሮው ክፍል ግድግዳ ከሌላው ይልቅ ቀጭን ሆኖ ተገኘ፤ ኋላ የተጨመረ ነው ማለት ነው። ወጥ ቤቱን ወደዚያ አዞርነው። ከዋናው ቤት አንድ ድንጋይ ሳይነሳ የምንፈልገውን ስፋት አገኘን። ሰፊው በር ተረሳ። እውነቱን ለመናገር አሁን ሳየው በሩ አለመሠራቱ ጥሩ ሆነ።

ከማመልከቻው ጋር ያያያዝነው ጽሑፍ ረጅም አልነበረም። የቤቱ ታሪክ ባጭሩ፣ እያንዳንዱ ክፍል መቼ እንደተሠራ የምናውቀውን ያህል፣ የትኛው ጠንካራ የትኛው የተጎዳ እንደሆነ ከፎቶ ጋር። ከዚያ ለእያንዳንዱ ለውጥ ምክንያቱን፣ ሌላ ምን አማራጭ እንዳየንና ለምን እንደተውነው ጻፍን። ፕላኑ ላይ የሚቀረው፣ የሚፈርሰውና አዲሱ በተለያየ ቀለም ተለየ። እናንተም ቢያንስ ይህን ያህል አድርጉ። መርማሪው ፕላናችሁን እየገለበጠ «የቱ ነው አዲሱ?» ብሎ ሊፈልግ አይገባም።

የቅርስ ባለሙያዎች አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ ማወቅም ይጠቅማል፤ ያለበለዚያ ግትርነት ይመስላችኋል። አብዛኛው በ1964 እ.ኤ.አ. ከወጣው፣ የቅርስ አጠባበቅ መርሆችን ከያዘው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ ከቬኒስ ቻርተር የተቀዳ ነው። ከሐሳቦቹ አንዱ፣ ግምት የሚጀምርበት ቦታ ላይ እድሳት ያበቃል የሚል ነው። ሌላው፣ የጎደለውን የሚተካው ነገር ከቤቱ ጋር መስማማት አለበት፣ ግን አዲስ መሆኑ መለየት አለበት ይላል። በ1979 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ የወጣው የቡራ ቻርተር ደግሞ የሚያስፈልገውን ያህል ለውጥ፣ በተቻለ መጠን ግን ጥቂት ለውጥ የሚል መንገድ ይከተላል። ይህ በእኛ ቤት ምን ሆነ መሰላችሁ? የበረንዳው የእንጨት መደገፊያ ጠፍቶ ነበር። አርክቴክቱ አበባ አበባ ያለበት በጣም የሚያምር ንድፍ ሠራ። ባለሙያዋ «እንዲህ እንደነበረ በምን አወቃችሁ?» አሉ። አናውቅም። ወደቀ። ቀጥ ቀጥ ያለ፣ ምንም ጌጥ የሌለው መደገፊያ ስናቀርብ ያለ ክርክር አለፈ። ስለዚህ «የድሮ እንዲመስል» ብላችሁ ጌጥ አትፍጠሩ።

የግንባታ ዕቃ ጉዳይ ብዙ ሰው ከምንም የማይቆጥረው ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ለቅርጽ ብቻ ሳይሆን ለዕቃም ነው። ኮንትራክተሩ «ኖራ የድሮ ሰው ሲሚንቶ አጥቶ የተጠቀመበት ነው» አለን። የመሰለኝን ልናገርና ይህ አባባል ብዙ አሮጌ ቤት ገድሏል። ፖርትላንድ ሲሚንቶ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1824 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ የድንጋይ ቤት ሁሉ ያለ እርሱ ነው የቆመው፤ ከዚያ ወዲህም ብዙ ቤት በኖራ ተሠርቷል። የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቃጠላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ግድግዳ ላይ ከዋለ በኋላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር እየሳበ ቀስ ብሎ ይጠነክራል። ከድንጋዩ ይልቅ ለስላሳ ነው። እርጥበት በእርሱ በኩል ይወጣል፣ ቤቱ ትንሽ ሲንቀሳቀስም አብሮ ይለመጣል። ጠንካራ ሲሚንቶ ሲለሰንበት ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣና በድንጋዩ በኩል ይወጣል። አብሮት የሚመጣው ጨው ድንጋዩ ውስጥ ይረጋል፣ የድንጋዩ ፊት እየተላጠ ይረግፋል። የጓሮ ግድግዳችን ላይ ከታች የነበረው ሻጋታና ርጋፊ ከዚህ የመጣ ነበር። ሲሚንቶውን የለሰነው ሰው እርጥበቱን ለማቆም ብሎ ነው የለሰነው።

ኖራ የሚያውቅ ግንበኛ ማግኘት ከባድ ነበር። በመጨረሻ ያገኘናቸው አዛውንት ሲሚንቶውን መዶሻ አንስተው ከማፍረሳቸው በፊት፣ በማይታይ ጥግ በትንሹ አላቀው ሞከሩ። «ልጄ፣ ድንጋዩን ይዞት ከመጣ እንተወዋለን። ድንጋይ አይበቅልም» አሉኝ። ከታች በደንብ ለቀቀ። ከላይ በኩል የተወሰነ ቦታ ላይ ድንጋዩን ይዞ ሊመጣ ሲል ተዉት፤ እስካሁን አለ። ቢሮውም ተቀብሎታል። ፈቃዱ ላይ በቅድሚያ ናሙና እንዲሠራ የሚል ቅድመ ሁኔታ ነበረ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ተለስኖ፣ ደርቆ፣ ቀለሙ ታይቶ ከጸደቀ በኋላ ነው ሌላው የቀጠለው። ለማድረቂያው ጊዜ ተዉለት። የኖራ ልስን በኃይለኛ ፀሐይ ቶሎ እንዳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል፣ ከውርጭም ይጠበቃል። ኮንትራክተሩ በሲሚንቶ ፍጥነት አስቦ ቀን ከቆረጠላችሁ፣ ያ ቀን አይሠራም።

መስኮት ላይ አጭር ልሁን። አሉሚኒየም አታስቡ። የበሰበሰ የሚመስለው የእንጨት መስኮት አብዛኛውን ጊዜ የሚበሰብሰው ከታችና ከመጋጠሚያው ላይ ብቻ ነው። ጥሩ አናጢ የሞተውን ቆርጦ አዲስ እንጨት ይቀጥልበታል። ብርድና ድምፅ ካስቸገራችሁ፣ ከውስጥ በኩል የሚነቀል ሁለተኛ መስታወት ለማስፈቀድ ይቀላል፤ ነገ ቢነሳ ቤቱ ላይ ጠባሳ አይተውምና። «መልሶ መንቀል ይቻላል» የምትለዋ ሐሳብ ፈቃድ ጠያቂ ሊያውቃት የሚገባ ናት። የኤሌክትሪክ መስመር ግድግዳ ቦርቡሮ ከመቅበር በነበረ ቀዳዳና በወለል ስር ማሳለፍ፣ አዲስ ከፋይ ግድግዳ ከኮርኒሱ ጌጥ ጋር ሳይጋጭ ማቆም፣ ሁሉም ከዚህችው ሐሳብ የሚወጡ ናቸው። የውሃ ታንከር፣ ዲሽ፣ የፀሐይ ኃይል ፓነል፣ የኤሲ ሳጥን፣ የንግድ ማስታወቂያ፣ እነዚህም በብዙ ቦታ እንደ ለውጥ ይቆጠራሉ። ቀለም እንኳ። ከመቧጨራችሁ በፊት የቆየው ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት እንዳለበት አስመርምሩ፤ አቧራው ለሕፃን አደገኛ ነው።

የቃል ፈቃድ ፈቃድ አይደለም። ባለሙያዋ ለጉብኝት መጥተው ሲሄዱ፣ የተባባልነውን በዚያው ሳምንት ጽፈን ለቢሮው ገቢ እናደርግ ነበር። «እንዲህ ተነጋግረን በዚህ ተስማምተናል» የሚል አጭር ደብዳቤ። እህቴን «ምን ያጨናንቅሻል» እያልኩ እሥቅባት ነበር። ከዚያ ባለሙያዋ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ። በምትካቸው የመጣው ወጣት ፋይሉን ከዜሮ ሊጀምር ሲል፣ ማኅተም ያረፈባቸው እነዚያ ደብዳቤዎች አዳኑን።

ሁሉም ውሳኔ ትክክል ነበር አልልም። ጣሪያው ላይ ከጓሮ በኩል፣ ከየትም የማይታይ ትንሽ የብርሃን መስኮት ጠይቀን ተከልክለናል። ምክንያቱ የጣሪያው የመጀመሪያ እንጨት መቆረጥ አለበት የሚል ነው። እንጨቱ አስቀድሞ የተቆረጠና የተጠጋገነ ነው። አሁንም አልተዋጠልኝም። ከተከለከላችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ይግባኝ የሚባልበትን ቀነ ገደብም ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። እኛ ይግባኙን የተውነው የቀረው ፈቃድ እንዳይጓተት ፈርተን ነው። በነገራችን ላይ ቢሮዎቹም ያስቡበት። መልስ ሲዘገይ ሰው በሌሊት ያፈርሳል። ውሳኔው የሚሰጠው በኮሚቴ ከሆነ ደግሞ የስብሰባውን ቀን አጣሩ፤ አንድ ወረቀት ጎድሎ ስብሰባ ካመለጣችሁ እስከሚቀጥለው መጠበቅ ነው።

ሥራ ሲጀመር ግድግዳ የደበቀውን ያወጣል። የሳሎኑ ልስን ሲነሳ በድንጋይ የተደፈነ ቅስት በር ወጣ። አንዱ ሠራተኛ «ሳያዩት እንለስነው» አለ። አዛውንቱ ግንበኛ በዓይናቸው ብቻ መለሱለት። ሥራውን በዚያ ክፍል አቁመን፣ ፎቶ አንስተን፣ በጽሑፍ አሳወቅን። መጠበቅ ነበረብን። መጨረሻ ላይ የፈቃድ ማሻሻያ ወጥቶ ቅስቱ ሳይከፈት፣ ቅርጹ ግን እየታየ እንዲቀር ሆነ። እንዲህ ያለ ማቆም የማይቀር ስለሆነ ከኮንትራክተሩ ጋር ስትዋዋሉ አስቡበት። ሥራው በቅርስ ምክንያት ቢቆም ማን ምን ይከፍላል? ሠራተኛው ወደ ሌላ ክፍል ይዞራል ወይስ ይበተናል? የእኛ ውል ይህ አንቀጽ ነበረው፤ ሐሳቡን ያቀረቡትም ግንበኛው ናቸው።

የጓሮዎቹ ሦስት መስኮቶች ተመልሰዋል። መጠናቸውን የወሰድነው ከቤተሰብ ፎቶና ከድንጋዩ ላይ ከቀረው ምልክት ነው። ቢሮው መጥቶ አይቶ፣ የእግድ ደብዳቤውን የሚሽር ሌላ ደብዳቤ ሰጠን። ይህን ደብዳቤ ሳትጠይቁ አይሰጧችሁም። ሥራው ስላለቀ ብቻ ጉዳዩ ፋይሉ ውስጥ አይዘጋም፤ ቤቱን የምትሸጡ ቀን ክፍት ሆኖ ይገኛል። የማጠናቀቂያ ማረጋገጫውን፣ የጸደቀውን ፕላን፣ የናሙናውን ፎቶና የኖራውን አሠራር ከቤቱ የባለቤትነት ሰነድ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡ። ፈቃድ የወጣላችሁ ሥራ ካለና ገና ካልጀመራችሁት ደግሞ ወረቀቱ ላይ የማብቂያ ቀኑን እዩ። ሲያልፍ ማራዘም ሳይሆን እንደ አዲስ ማመልከት የሚጠየቅባቸው ቦታዎች አሉ።